ለሃያ ሰው የሚሆን ቀዝቃዛ የእስያ ኑድል፦ ሳይጣበቅና ሳይደርቅ ግብዣው ላይ እንዴት ይድረስ?

ረፋድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ሁሉም የየድርሻውን አብስሎ የሚመጣበት ግብዣ አለን። እኔ ቀዝቃዛ ኑድል እንደማመጣ ቃል ገብቻለሁ፤ በአኩሪ አተር ሶስ፣ በሰሊጥና በዝንጅብል የሚለወሰውን ዓይነት። ወደ ሃያ ሰው እንሆናለን። ሌላ ምግብም ስለሚኖር የእኔው ከብዙዎቹ አንዱ ነው።

የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። ጠዋት ቤት እሠራዋለሁ፣ በመኪና ይሄዳል፣ የሚበላው ግን ከሰዓት በኋላ ነው። እዚያ ምድጃ የለም። ፍሪጅ አለ፤ ግን ሁሉም ሰው የራሱን ስለሚያስገባበት ቦታ አገኛለሁ ብዬ አልተማመንም። ኑድል ሲቆይ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሶሱንም መጥጦ ይደርቃል። የትኛውን ዓይነት ብይዝ ይሻላል? ሶሱን ቤት ልለውሰው ወይስ እዚያ? ከእንግዶቹ ሁለቱ ሥጋ አይበሉም፤ አንዲት ጓደኛችን ደግሞ የኦቾሎኒ አለርጂ አለባት። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ባለ_ወንፊት፦

እህቴ፣ መጠየቅ ያለበትን ነው የጠየቅሽው። ቀዝቃዛ ኑድል ምድጃ ላይ እያለ ብዙም አይበላሽም። የሚበላሸው ከድስት ወጥቶ ሰው ሳህን ላይ እስኪደርስ ባሉት ሰዓታት ነው። ስለዚህ ከኑድሉ ምርጫ ጀምሮ እስከ ሶሱ ድረስ ሁሉንም ለእነዚያ ሰዓታት ብለሽ አዘጋጂ።

ኑድሉ የስንዴ ይሁን። በተለይ ቢጫው፣ ራመን ለሚባለው የጃፓን ኑድል ወይም ለቻይና ቀዝቃዛ ኑድል የሚሆነው። ሊጡ ውስጥ ሶዲየም ካርቦኔትና ፖታሲየም ካርቦኔት የሚባሉ የአልካሊ ጨዎች ይገባሉ። ጃፓኖች ካንሱይ ይሉታል። ቢጫ ቀለሙም ሆነ ሲነከስ ሳብ የሚል ጥንካሬው ከዚያ ነው የሚመጣው። ሶስ ውስጥ ቢቆይም ቶሎ አይላሽቅም።

የሩዝ ኑድል ጣፋጭ ነው፤ ለዚህ ቀን ግን አልመክርሽም። የበሰለ ስታርች ሲቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ መልሰው ይሰበሰቡና ይጠብቃሉ። ኑድሉ ይደድራል፣ ሲነካም ይሰባበራል። ይህ ለውጥ በጣም የሚፈጥነው ደግሞ ልክ ፍሪጅ ውስጥ ባለው ቅዝቃዜ ነው። የሩዝ ኑድል የሚያምርበት በተሠራበት ሰዓት ሲበላ ነው። ከማሾ ወይም ከስኳር ድንች ስታርች የሚሠራው ብርጭቆ መሳይ ኑድልም ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ይጠነክራል።

መጠኑን ልንገርሽ። ኑድል ዋና ምግብ ሲሆን ለአንድ ሰው 100 ግራም ደረቅ ይታሰባል። በብዙ ምግብ መካከል ከሆነ 50 ግራም ይበቃል። ለሃያ ሰው 1 ኪሎ ማለት ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትቀቅዪው። 500 ግራሙን በ5 ሊትር ውሃ፣ በሁለት ዙር። ውሃ ያነሰው ኑድል በገዛ ስታርቹ ይለጣጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ትኩስ የሚበላ ኑድል መሐሉ ጠንከር እንዳለ ይወጣል። ለቀዝቃዛ ግን እንደዚያ አይሆንም፤ ሲቀዘቅዝ የበለጠ ይጠነክራል። አንድ ክር አውጪ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ቅመሺው። በትኩሱ አትፍረጂ። ቀዝቅዞም መሐሉ ዱቄት ዱቄት ካላለ፣ ግን ጥርስ ላይ ትንሽ ከታገለ፣ ደርሷል። ወዲያው ወንፊት ላይ ገልብጪና በቀዝቃዛ ውሃ በእጅሽ እያሸሽ እጠቢው። የሚወርደው ውሃ ጥርት እስኪል አታቁሚ። በረዶ ካለ የመጨረሻው ዙር በበረዶ ውሃ ይሁን።

ከዚያ ማጥለል። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ኑድሉ ላይ የቀረው ውሃ በኋላ ሶሱን ያቀጥነዋል፣ ጣዕሙንም ይገድለዋል። ወንፊቱን ደጋግመሽ አራግፊ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ተይው፣ ከዚያ ንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርጊው። ውሃው ሲጨርስ ለ500 ግራሙ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት አፍስሰሽ በእጅሽ አላቅቂው።

ሶሱን ደግሞ ለሁለት ክፈዪው። ሲሶውን ቤት ለውሺበት፤ ኑድሉ ከወዲሁ ጣዕም እንዲይዝ። ሁለት ሦስተኛውን ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ ይዘሽ ሂጂ። ሊበላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጨምረሽ አማስዪ። ሙሉ በሙሉ ቤት ከለወስሽው ኑድሉ ይጠጣዋል፤ ምንም ሳትለውሺ ከሄድሽ ደግሞ ላዩ ጨው፣ ውስጡ አልጫ ይሆናል።

ሰሊጥ_ወዳድ፦

በብዙው እስማማለሁ፤ በማጠቡ ግን አይደለም።

በሲቹዋን ልማድ ሊያንግምየን የሚባለው ቀዝቃዛ ኑድል አይታጠብም። ከፈላው ውሃ ይወጣል፣ ሰፊ ትሪ ላይ ይዘረጋል፣ ዘይት ይፈስበታል፣ ከዚያ በቾፕስቲክ እየተነሣና እየተበተነ በማራገቢያ ይናፈሳል። እንፋሎቱ ሲወጣ ላዩ ላይ የነበረው ውሃ አብሮ ይሄዳል። እያንዳንዱ ክር በዘይት ተሸፍኖ ለብቻው ይቀራል። የቀረችው ትንሽ ስታርች ደግሞ ሶሱን ትይዝለታለች። የታጠበ ኑድል ሸርተት ይላል፤ ወፍራም የሰሊጥ ሶስ ካፈሰስሽበት ግማሹ ሳህኑ ግርጌ ላይ ነው የሚገኘው።

በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው ኑድሉን ትንሽ ቀደም አድርጎ ያወጣዋል፤ ትሪው ላይ በገዛ ሙቀቱ መብሰሉን ይቀጥላልና። ዘይቱም ከፍ ይላል፤ ለ500 ግራም ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ሁሉንም የሰሊጥ ዘይት አታድርጊው፣ ይከብዳል። ሽታ በሌለው ዘይት አናፍሺውና የሰሊጡን ለሶሱ አቆዪው።

ባለ_ወንፊት፦

የሲቹዋኑን መንገድ እወደዋለሁ። ለጥቂት ሰው ሲሆን ከሁሉም ይበልጣል። ነገር ግን 1 ኪሎ ደረቅ ኑድል ሲበስል ከ2 ኪሎ በላይ ይሆናል። ያንን ሁሉ ለማናፈስ ብዙ ትሪ፣ ብዙ ቦታና ሁለተኛ ሰው ይጠይቃል። አለዚያ ከሥር ያለው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ይላሽቃል፣ ይጣበቃልም። በውሃ ግን ሁለት ደቂቃ ውስጥ ቀዝቅዞ ያርፋል። ሶሱ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ደግሞ በደንብ ማጥለሉ ነው። በደንብ የደረቀ የታጠበ ኑድል ሶስ ይይዛል።

ሰሊጥ_ወዳድ፦

ለብዙ ሰው መሆኑን ካነሣህ ልክ ነህ። ረዳት ካላት ታናፍሰው፣ ብቻዋን ከሆነች ትጠበው። ማድረቁ ላይ ግን አደራ።

ረፋድ፦

ብቻዬን ነኝ፤ ስለዚህ አጥባለሁ። ሰሊጥ_ወዳድ፣ ሶሱን ግን ካንቺ ነው የምፈልገው። ኦቾሎኒ የሌለበት ይሁን፣ መጠኑንም በማንኪያ ንገሪኝ።

ሰሊጥ_ወዳድ፦

በደስታ። ይህ ለ500 ግራም ደረቅ ኑድል ነው፤ አንቺ እጥፍ አድርጊው። ማንኪያው ሁሉ የሾርባ ማንኪያ ነው።

ስድስት ማንኪያ የሰሊጥ ለጥ (ልሞ የተፈጨ ሰሊጥ)፣ ስድስት ማንኪያ ቀላል አኩሪ አተር ሶስ፣ ሦስት ማንኪያ የሩዝ ኮምጣጤ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ ዘይት። ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ ሁለቱም ተፈቅፍቀው። የበርበሬ ዘይት እንደ እንግዶችሽ። ለብ ያለ ውሃ ከስድስት እስከ ስምንት ማንኪያ።

መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱን ኮምጣጤው ውስጥ አሥር ደቂቃ አቆዪው። ነጭ ሽንኩርት ሲፈቀፈቅ የሚያቃጥለውን ነገር የሚፈጥር ኢንዛይም አለው፤ አሲድ ያንን ኢንዛይም ያዳክመዋል። ለሰዓታት የሚቆይ ሶስ ውስጥ ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በቀጥታ ከገባ ሶሱን ብቻውን ይቆጣጠረዋል።

የሰሊጥ ለጡን ለብቻው ሳህን አድርጊ። ውሃውን በማንኪያ በማንኪያ ጨምሪ። የመጀመሪያዎቹ ማንኪያዎች ሲገቡ ይጠጥራል፣ እንደ ሊጥ ይሆናል፣ የተበላሸም ይመስላል። አልተበላሸም። ለጡ በአብዛኛው ዘይትና ደረቅ ብናኝ ነው፤ ትንሽ ውሃ ሲያገኝ ብናኙ ውሃውን ይዞ ይጨማደዳል። ውሃው ሲበዛለት ይለቅና ልስልስ ይላል። እጅሽን ሳታቆሚ ማማሰል ብቻ ነው። ለስልሶ ነጣ ሲል አኩሪ አተር ሶሱን፣ ስኳሩን፣ ኮምጣጤውን ከነነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉን፣ በመጨረሻ ዘይቶቹን ጨምሪ።

ስለ ለጡ ሁለት ነገር ልበል። የቻይናው የሚሠራው በደንብ ከተቆላ ሰሊጥ ነው፤ ቡናማ ነው፣ ሽታውም ኃይለኛ ነው። ታሂኒ ጥሬ ወይም ለስለስ ብሎ ከተቆላ ሰሊጥ ስለሚሠራ ነጣ ያለና ለዘብ ያለ ነው። ታሂኒ ብቻ ካገኘሽ ተጠቀሚበት፤ ግን አንድ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ ዘይት ጨምሪበት። ሁለተኛው ስለ ጓደኛሽ ነው። አንዳንዱ የተዘጋጀ የሰሊጥ ለጥ ኦቾሎኒ ተቀላቅሎበት ነው የሚሸጠው። የበርበሬ ዘይትም፣ በተለይ ፍርፋሪ ያለበት፣ ብዙ ጊዜ ኦቾሎኒ አለው። ጀርባውን ሳታነቢ አትግዢ።

ቀጭን ነው ብለሽ እስክትሰጊ ድረስ አቅጥኚው። ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ኑድሉም ይጠጣዋል። ጣዕሙንም በክፍል ሙቀት ስትቀምሺ ትንሽ በዛ ያለ ይምሰልሽ። ቅዝቃዜ ጣፋጩንም ሌላውንም ጣዕም ያደበዝዛል፤ ትኩስ ሆኖ ልክ የነበረ ሶስ ቀዝቅዞ ባዶ ይሆናል። ሁልጊዜ የመጨረሻውን ቅምሻ ከቀዘቀዘ ኑድል ጋር አድርጊው እንጂ በማንኪያ አይሁን።

ቀጭን_ክር፦

ይቅርታ መሐል ገባሁ። ቢጫውን ኑድል ማግኘት ለማይችል ሰው ስፓጌቲ አይሆንም? ቤኪንግ ሶዳ ጨምሮ መቀቀል የሚባል ነገር ሰምቼ ነበር።

ባለ_ወንፊት፦

ይሆናል ወንድሜ፣ በደንብም ይሠራል። ቤኪንግ ሶዳ ውሃውን አልካሊ ያደርገዋል። ስፓጌቲው ሲቀቀልበት ቀለሙ ወደ ቢጫ ይጠጋል፣ ሽታውና አነካከሱም ወደ ራመን ይቀርባል። ቀጭኑን ምረጥ፤ መደበኛው ስፓጌቲ ለዚህ ይወፍራል። እኔ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ እጠቀማለሁ። ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ውሃው ከፍተኛ አረፋ ያወጣል፤ ድስቱን ከግማሽ ብዙ አትሙላው፣ ከአጠገቡም አትራቅ። ሌላው፣ ሲበስል በደንብ እጠበው፤ አለዚያ የሳሙና ዓይነት ጣዕም ይቀራል። እዚህ ላይ ሳይታጠብ ማናፈስ አይሠራም።

ማዕድ_ቤት፦

ስለ ጣዕሙ ብዙ ተብሏል፤ ደስ ይላል። እኔ ለብዙ ሰው በሚያበስል ወጥ ቤት የምሠራ ሰው ነኝና ስለ ሰዓቱ ልናገር።

የበሰለ ሩዝና ኑድል ላይ ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ዘሩ በመፍላት አይሞትም። ምግቡ ለብ ብሎ ሲቆይ ይነቃና ይባዛል፤ ከዓይነቶቹ አንዱ የሚያመነጨው የሚያስመልስ መርዝ ደግሞ መልሶ ማሞቅ አያጠፋውም። ቀላል ነገር አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. በቤልጂየም የ20 ዓመት ተማሪ ለ5 ቀን ከፍሪጅ ውጭ የቆየ ስፓጌቲ በልቶ ሕይወቱ አልፏል፤ ጉዳዩ በ2011 በሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። እንዲህ ያለ ነገር በጣም ብርቅ ነው። ግን ኑድል ሥጋ ስለሌለው አይበላሽም የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ያሳያል።

ሕጉ አጭር ነው። በ5 እና በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ባክቴሪያ ይፋፋማል። የበሰለ ምግብ በዚህ መሐል ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ የሚሞቅ ከሆነ 1 ሰዓት ብቻ። ሰዓቱ ተደምሮ ነው የሚቆጠረው። መኪና ውስጥ የቆየው፣ ጠረጴዛ ላይ የቆየው፣ ሁሉም።

ስለዚህ ረፋድ፣ የዚያን ቦታ ፍሪጅ እርሺውና የራስሽን አይስቦክስ ይዘሽ ሂጂ። ኑድሉን ቤት ጥልቀት በሌለው ሰፊ ዕቃ አድርገሽ ፍሪጅ አስገቢው፤ ጥልቅ ዕቃ ውስጥ መሐሉ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ይወስዳል። በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ወደ አይስቦክሱ ይግባ። አይስቦክስ ቅዝቃዜን ይጠብቃል እንጂ ለብ ያለ ነገር አያቀዘቅዝም። በረዶው ከሥርም ከላይም ይሁን። ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሁሉንም በአንዴ አታቅርቢ። ግማሹን አውጪ፣ ሲያልቅ ሌላውን።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ኑድሉ ከታጠበ በኋላ ዳግመኛ እሳት አያይም። ስለዚህ የሚታጠብበት ውሃ የሚጠጣ ውሃ መሆን አለበት፤ በረዶውም እንደዚያው። የሚያላቅቀው እጅም በሳሙና የታጠበ ይሁን።

ረፋድ፦

ማዕድ_ቤት፣ በጣም አመሰግናለሁ፤ እርስዎ የነገሩኝን በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። አይስቦክስ እዋሳለሁ። አሁን የቀረኝ አትክልቱና ላዩ ላይ የሚሆነው ነው።

ጨው_በልክ፦

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። አትክልቱ ኑድሉን ውሃ እንዳያደርገው መጠበቅ ነው ሥራው።

ኪያር ከሁሉም በላይ ውሃ ያወጣል። ፍሬውን በማንኪያ ጥረጊለት፣ በቀጭኑ በርዝመቱ ክተፊው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሽበትና አሥር ደቂቃ አቆዪው። ከዚያ በእጅሽ ጭመቂው። የሚወጣውን ውሃ ስታዪ ኑድሉ ውስጥ ባለመግባቱ ደስ ይልሻል። ካሮት በጥሬው ይሆናል፣ ቀጭን ይሁን። ቀይ ጥቅል ጎመን አይመከርም፤ ቀለሙን ለቆ ኑድሉን ሐምራዊ ያደርገዋል። ነጩ ይሻላል። የማሾ ቡቃያ ካገኘሽ ሳትቀቅዪ አትጨምሪው። ቡቃያ የሚበቅለው ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ነው፤ ለባክቴሪያም የሚመቸው እሱ ነው። በፈላ ውሃ ቀቅለሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ አጥልለሽ ያዢው።

አረንጓዴ ነገር ከኮምጣጤ ጋር አይቆይ። አሲድ የቅጠልን አረንጓዴ ቀለም ወደ ደበዘዘ የወይራ መልክ ይለውጠዋል። ባቄላ፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ ድንብላል ቅጠል ሁሉ ለብቻው ዕቃ ይሂድና መጨረሻ ላይ ይጨመር። ድንብላሉን ደግሞ ከኑድሉ ጋር አታማስዪው፤ ጎን ላይ አስቀምጪው። ለአንዳንድ ሰው ድንብላል ሳሙና ሳሙና ይለዋል፤ በከፊል ሽታ ከሚለይ ጂን ጋር የተያያዘ ነው። የፈለገ ይወስዳል።

ዶሮ ካሰብሽ በዝግታ ተቀቅሎ በእጅ የተተለተለ የደረት ሥጋ ይሁን። ስብ ያለው ሥጋ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ አፍ ላይም ይለጠፋል። ለብቻው ዕቃ ይቅረብ፤ ሥጋ የማይበሉት እንዳይቸገሩ። ለእነሱ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ጠንካራው ቶፉ ጥሩ ነው፤ ውሃውን ጨምቀሽ፣ ጠብሰሽ፣ አቀዝቅዘሽ። እንቁላል የሚበሉ ከሆነ በጣም ስስ አድርገሽ ጥበሺው፣ ጠቅልለሽ እንደ ክር ክተፊው።

የተቆላ ሰሊጥ መጨረሻ ላይ ነስንሺ። ኦቾሎኒን ሙሉ በሙሉ ተይው። ለብቻው ሳህን ይቀመጥ የሚል ሰው ቢመጣ እንኳ እንቢ በይ፤ በግብዣ ላይ ማንኪያ ከሳህን ወደ ሳህን ይዞራል።

ቀጭን_ክር፦

ኔንግምዮን ብታደርግስ? የኮሪያው፣ በበረዶ መረቅ የሚቀርበው። ወይም የጃፓኑ ሶባ። ቀዝቃዛ ኑድል ሲባል ለእኔ ቀድመው የሚመጡት እነሱ ናቸው።

ባለ_ወንፊት፦

ሁለቱም ድንቅ ምግቦች ናቸው። ኔንግምዮን ረጅም ታሪክ አለው፤ በ1849 የተጻፈ የኮሪያ የወራት ልማድ መዝገብ የክረምት ምግብ ብሎ ይጠቅሰዋል። የፒዮንግያንጉ ልማድ በ2022 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። የፒዮንግያንጉ ኑድል ባክዊት ከሚባለው እህል ነው፤ የሃምሁንጉ ከድንች ወይም ከስኳር ድንች ስታርች ነው፣ በቅመም ሶስም ይለወሳል። ነገር ግን መረቅ ያለው ምግብ ለዚህ ግብዣ አይመችም። መረቁ በረዶ እንደያዘ መድረስ አለበት፣ እያንዳንዱ ሰው ጎድጓዳ ሳህን ይፈልጋል፣ ቆሞም አይበላም። ሶባም እንደዚያው የሚነከርበት መረቅ አለው፤ ከቆየም ቶሎ ይጣበቃል። ሶባ የሚሠራበት ባክዊት ራሱ ለአንዳንድ ሰው ከባድ አለርጂ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ሶባ ውስጥ ስንዴ አለ፤ ስንዴ የማይስማማው ሰው የባክዊት ነው ብሎ እንዳይሳሳት።

ከኮሪያዎቹ ግን አንድ ነገር መውሰድ አለባት፦ መቀስ። ኔንግምዮን ረጅምና ጠንካራ ስለሆነ ምግብ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ በመቀስ ይቆረጣል። ረፋድ፣ አንቺም የጠለለውን ኑድል ሦስት አራት ቦታ በንጹሕ መቀስ ቁረጪው። ረጅም ክር በጋራ ሳህን ላይ መከራ ነው። አንድ ሰው ለራሱ ሊያነሣ ሲል ግማሹ ተጎትቶ ይመጣበታል።

ከጃፓኖች ደግሞ አቀራረቡን ውሰጂ። ሂያሺ ቹካ የሚባል ቀዝቃዛ ራመን አላቸው፤ በ1937 ሰንዳይ ከተማ በሚገኝ የቻይና ምግብ ቤት እንደተጀመረ ይነገራል። ኑድሉ ከታች ሆኖ ኪያሩ፣ እንቁላሉ፣ ሥጋው በየመስመሩ ከላይ ይደረደራል። ያማረ ነው፤ ለአንቺ ደግሞ ከማማር በላይ ጥቅም አለው። ሰው ሁሉ ምን እንዳለበት በዓይኑ ያያል፣ የማይፈልገውንም ይተዋል።

ሰሊጥ_ወዳድ፦

የመቀሱን ሐሳብ እደግፋለሁ። እኔ የምጨምረው፣ ኑድሉን በአንድ ክምር አታቅርቢው። ሲሶውን ሶስ ከለወስሽበት በኋላ በሹካ እየጠቀለልሽ ትንንሽ ጥቅል አድርጊና ትሪ ላይ ደርድሪው። አንድ ጥቅል ለአንድ ሰው። ሲደርስ የቀረውን ሶስ በየጥቅሉ ላይ በማንኪያ ታፈስሺበታለሽ። ማማሰልም አይኖርብሽ፣ ሰውም መጠኑን ያውቃል። ማንሻው መቆንጠጫ ይሁን፤ ማንኪያ ለኑድል አይሆንም።

ረፋድ፦

ይህ በጣም ይመቸኛል። እዚያ ሳህን ውስጥ ማማሰል አስጨንቆኝ ነበር። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጥቅሎቹ ፍሪጅ ቆይተው ቢጣበቁስ?

ሰሊጥ_ወዳድ፦

ትንሽ መያያዛቸው አይቀርም፤ አያስጨንቅም። ሶሱ ሲፈስበት ይለቃል። ጠንከር ካለ አንድ ማንኪያ ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ ከላይ ርጪበትና አንድ ደቂቃ ጠብቂው፣ ከዚያ ሶሱን። ዘይት አትጨምሪበት፤ ዘይት ከገባ ሶሱ አይይዝም።

ሶሱም ወፍሮ ይሆናል። ጠርሙሱን ክዳኑን አጥብቀሽ በደንብ አራግፊው፣ ካስፈለገ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጨምሪ። ኮምጣጤውን ደግሞ ትንሽ በጎን ያዢ። ቀዝቅዞ ስትቀምሺው ቅር ካለሽ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለው ጨው ሳይሆን ኮምጣጤ ነው።

ጨው_በልክ፦

በትንሽ ወረቀት ላይ ያለበትን ሁሉ ጻፊና ከፊቱ አቁሚው። ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥ፣ እንቁላል ካለ እንቁላል። የኦይስተር ሶስ ወይም የዓሣ ሶስ ከገባ እሱም ይጻፍ፤ ሥጋ የማይበሉ ብዙ ሰዎች ዓሣም አይበሉም። አኩሪ አተር ሶስ ውስጥ ስንዴ እንዳለ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ታማሪ የሚባለው የአኩሪ አተር ሶስ ብዙ ጊዜ ስንዴ የለውም፤ እሱንም ቢሆን ጽሑፉን አንብቦ ማረጋገጥ ነው።

ቀጭን_ክር፦

ቢተርፍስ? ማዕድ_ቤት፣ እርስዎ ይንገሩን። ሰው ይዞ ቢሄድ ችግር አለው?

ማዕድ_ቤት፦

ጠረጴዛ ላይ 2 ሰዓት ያለፈው ይጣል። ያሳዝናል፣ ግን ይጣል። ሲቀመስ ደህና ነው ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ መርዙ ጣዕምም ሽታም የለውም።

አይስቦክስ ውስጥ በረዶው ሳይቀልጥ የቆየው፣ ሰው ያልነካው፣ ወደ ቤት ተመልሶ ፍሪጅ ይገባል። 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ፍሪጅ ሦስት ቀን ይቆያል። በማግስቱ እንደ ቀዝቃዛ ምግብ አትጠብቁት፤ ይደድራል። መጥበሻ በደንብ አግሉና ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ በኃይለኛ እሳት ጥበሱት። ሶስ ስላለበት ቶሎ ያራል፣ ስለዚህ እየገለበጣችሁ። ጎመንና ካሮት ከተረፈ አብሮ ይግባ፤ ኪያሩን ግን አውጡት።